የዞምቢስን «ኦዴሲ ኤንድ ኦራክል» በሲዲ ልገዛ ነው፣ የትኛው ሕትመት ይሻላል?

የገርጂ ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የጻፍኩት፣ እንዳያምታታችሁ።

ከሁለት ወር በፊት ጓደኛዬ መኪና ውስጥ «ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን» የሚለውን ዘፈን ሰማሁ። ቤዙ ይጀምራል፣ ጭብጨባ ይከተለዋል፣ ከዚያ አንድ ሰው ማይኩ አጠገብ ትንፋሹን «አህህ» ብሎ ይለቃል። «ይሄ ማነው?» አልኩት። «ዞምቢስ የሚባሉ እንግሊዞች ናቸው፣ የ1968 ነው» አለኝ። ማታ ቤት ገብቼ ሙሉውን አልበም ስልኬ ላይ ከፈትኩት። 12 ዘፈን ነው፣ የሚዘለል አጣሁበት። የመጀመሪያው ዘፈን ዜማው ፀሐይ የወጣበት ጠዋት ነው የሚመስለው። ግጥሙን ልብ ብዬ ስሰማው ግን ከእስር ልትፈታ ለተቃረበች ፍቅረኛ የተጻፈ ደብዳቤ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር መስማት አቅቶኛል።

አሁን ሲዲውን በእጄ ማድረግ እፈልጋለሁ። እህቴ ለገና ከሜሪላንድ ትመጣለች፣ ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ አትነፍገኝም። ችግሩ ሕትመቱ ብዙ ነው። ሞኖ ይላል፣ ስቴሪዮ ይላል፣ የ30ኛ ዓመት ይላል፣ የ40ኛ ዓመት ይላል፣ ተጨማሪ ዘፈን ያለው አለ፣ የሌለው አለ፣ ዋጋውም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የምጠነቀቀው በምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት የሌላ የስልሳዎቹ ባንድ ሲዲ ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ አስገዝቼ ነበር። ሽፋኑ ያምራል። አጫወትኩት። ድምፁ ትራስ ተደፍቶበት የሚወጣ ይመስላል። አንዱ ዘፈን መግቢያ ላይ የሸክላ መርፌ ሲንጫጫ በግልጽ ይሰማል፣ ሌላው ደግሞ ቀስ እያለ ሊጠፋ ሲል ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ውስጡ ያለው ወረቀት ማን እንደተጫወተ እንኳን አይናገርም። በጣም ነው ያዘንኩት። ገንዘቡ ብቻ አይደለም፣ ሙዚቃው ነው ያሳዘነኝ።

እና ሁለት ጥያቄ አለኝ። የትኛውን ልግዛ? ደግሞስ እንዲህ ያለ አልበም በወጣበት ጊዜ እንዴት ሰው ሳይሰማው ቀረ፣ ከዓመታት በኋላ ቆፍሮ የሚያወጣው ማነው፣ ገንዘቡስ ለተጫዋቾቹ ይደርሳቸዋል?

ሸክላ ሰብሳቢ፦

የገርጂ ልጅ፣ ጥሩ ቦታ ነው የጠየቅከው። እኔ ይሄን አልበም ያወቅኩት ለንደን ተማሪ ሳለሁ ነው፣ ከአንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ በሸክላ ገዝቼው። ከዚያ ወዲህ በሲዲ ሦስት ጊዜ ገዝቼዋለሁ። ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፣ ምክንያቱም የትኛውን መግዛት እንዳለብህ የሚነግርህ ታሪኩ ራሱ ነው።

ዞምቢስ ከለንደን በስተሰሜን ካለችው ሴንት ኦልባንስ የወጡ አምስት ልጆች ናቸው። በ1964 «ሺዝ ኖት ዜር» በሚለው ዘፈን አሜሪካ ድረስ ታወቁ። ከዚያ በኋላ ያወጡት አብዛኛው አልሄድ አላቸው። በ1967 ሲቢኤስ ከሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራረሙና ለአልበም መሥሪያ 1,000 ፓውንድ ተሰጣቸው። ያኔም ቢሆን ለአልበም ትንሽ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አስቀድመው በደንብ ይለማመዱና ዘፈኑን ጨርሰው አውቀውት ነበር ስቱዲዮ የሚገቡት። አብዛኛውን የቀዱት አቢ ሮድ በሚባለው የለንደን ስቱዲዮ ነው፣ ቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር»ን ጨርሰው በወጡ ሰሞን። ከቀረጿቸው መሐንዲሶች አንዱ የቢትልሱን አልበም የቀረጸው ጄፍ ኤመሪክ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሮድ አርጀንት እንደሚያስታውሰው የጆን ሌነን ሜሎትሮን እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ቆሞ አገኙት፣ ተጠቀሙበትም። ያ ቫዮሊን የሚመስለው ግን ቫዮሊን ያልሆነው ድምፅ እሱ ነው። ሜሎትሮን ቁልፉን ስትጫነው አስቀድሞ የተቀዳ የቴፕ ክር የሚያጫውት መሣሪያ ነው። ለዚህ ነው ድምፁ ትንሽ የሚንቀጠቀጠው።

ሥራው ሲያልቅ ሞኖ አድርገው አስረከቡ፣ ማለትም ግራውም ቀኙም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ የሚያወጣበት። ኩባንያው ስቴሪዮም፣ ግራና ቀኙ የተለያየ ድምፅ የሚያወጣበትን፣ እፈልጋለሁ አለ። ገንዘቡ ደግሞ አልቋል። ዘፈኖቹን የጻፉት አርጀንትና ቤዚስቱ ክሪስ ዋይት ስለነበሩ የደራሲነት ገቢያቸው ከሌሎቹ ይሻል ነበር፣ ከኪሳቸው አውጥተው የስቴሪዮውን ሚክስ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ የማዋሃዱን ሥራ፣ አሠሩ። እስቲ አስበው፣ ማንም ያልጠበቀውን አልበም በራሳቸው ገንዘብ ሁለተኛ ጊዜ ሚክስ ሲያስደርጉ!

አንድ ዘፈን ላይ ግን ተያዙ። «ዚስ ዊል ቢ አወር ዪር» ላይ የምትሰማቸው የትንፋሽ መሣሪያዎች የተጨመሩት በቀጥታ ሞኖው ሚክስ ሲሠራ ነው። ድምፆቹ ለየብቻ የተቀዱበት ባለ አራት ትራኩ ቴፕ ላይ የሉም። ለስቴሪዮ ሲደርሱ ከየት ያምጧቸው? ሞኖውን ወስደው በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ስቴሪዮ እንዲመስል አደረጉት። ሲዲውን ስታገኝ እዚያ ዘፈን ላይ ስትደርስ ልብ በል።

ለምን ሰው አልሰማውም ላልከው፣ መጀመሪያ ነገር የሚያስተዋውቀው ባንድ አልነበረም። አልበሙ ሳይወጣ ሁለት ነጠላ ዘፈን አወጡ፣ ሁለቱም ወደቁ። በዲሴምበር 1967 ተበተኑ። አልበሙ እንግሊዝ ውስጥ የወጣው በኤፕሪል 1968 ነው፣ ማለትም ሸክላው ሱቅ ሲገባ የሚጫወተው ሰው የለም። አሜሪካ ደግሞ ጭራሽ ሊወጣ አልነበረም። አል ኩፐር የሚባለው ሙዚቀኛና ፕሮዲውሰር ከለንደን ይዞት በመጣው የሸክላ ክምር ውስጥ አገኘውና የሙዚቃ ኩባንያውን የኮሎምቢያ ሪከርድስን አለቃ ክላይቭ ዴቪስን ይሄማ መውጣት አለበት ብሎ ወጠረው። ወጣ። በነጠላ መጀመሪያ የመረጡት ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የሚያወራውን ዘፈን ነው። እኔ እስከዛሬ ልቤን የሚነካኝ ዘፈን ነው፣ ግን ለሬዲዮ የሚሆን አልነበረም። በመጨረሻ «ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን»ን አወጡ፣ በ1969 መጀመሪያ ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 3ኛ ደረጃ ደረሰ። ባንዱ ከፈረሰ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። ድምፃዊው ኮሊን ብላንስቶን ባንዱ ሲፈርስ ለንደን ውስጥ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ገብቶ ሠርቷል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዞምቢስ ነን እያሉ የሚዞሩ ሐሰተኛ ባንዶች ነበሩ። አንደኛው ውስጥ በኋላ ዚዚ ቶፕ በሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ የታወቁት ሁለት ልጆች ነበሩበት።

ወደ ግዢህ ስመጣ፣ አልበሙ ወደ 35 ደቂቃ ነው። ሲዲ ከ70 ደቂቃ በላይ ይይዛል። ስለዚህ ሞኖውም ስቴሪዮውም አንድ ዲስክ ላይ ይገባሉ። አንድ ሸክላ ይሄን አይችልም። ሁለቱንም ሚክስ የያዘውን ፈልግ። ኤስ ሪከርድስ የሚባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ክንፍ የሆነው ቢግ ቢት በዚህ ባንድ ላይ ብዙ ደክሟል። በ1997 አሌክ ፓላኦ ያዘጋጀውን «ዞምቢ ሄቨን» የሚባል ባለ 4 ሲዲ ስብስብ ያወጡት እነሱ ናቸው፣ ከውስጡ ያለው መጽሐፍ ብቻውን ዋጋ አለው። ኪስህ ከቻለ እሱን፣ ካልቻለ ሞኖና ስቴሪዮ አብሮ ያለውን ነጠላ ዲስክ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሽፋኑ ላይ «ኦዲሲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተሳስቷል፣ ዋይ መሆን ያለበት ፊደል ኢ ሆኗል። ይሄ የፎርጂድ ምልክት አይደለም። ሽፋኑን የሣለው ቴሪ ኩዊርክ ከመጀመሪያው እንዲያ ነው የጻፈው፣ እንደዚያው ቀረ። ይሄን ሳያውቁ ሲዲ የመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ድምፅ ቤት፦

ሸክላ ሰብሳቢ ታሪኩን ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ድምፁ ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ ድሮ የተቀዱ ሪሎችን ወደ ኮምፒውተር በመገልበጥ ነው የምተዳደረው።

የገርጂ ልጅ፣ ያ ትራስ የተደፋበት ሲዲህ ምን እንደደረሰበት ልንገርህ። ድሮ ሙዚቃ ቤት ሄደን ካሴት ስናስገለብጥ ታስታውሳለህ? ወይ ታላላቆችህ ይነግሩሃል። ከዋናው ካሴት የተገለበጠው አሪፍ ነው። ከተገለበጠው ላይ ጓደኛህ ሲያስገለብጥ ጸናጽሉ ይደበዝዛል። ከዚያ ላይ እንደገና ሲገለበጥ ሽሽሽ የሚለው ከዘፈኑ እኩል ይሆናል። የስልሳዎቹ አልበሞችም እንዲያው ናቸው። ዋናው ማስተር ቴፕ ለንደን ካለ፣ ለአሜሪካ የሚላከው ኮፒ ነው፣ ከአሜሪካው ኮፒ ደግሞ ሌላ ኮፒ ይሠራል። በሰማንያዎቹ ሲዲ አዲስ በሆነበት ጊዜ ብዙ ኩባንያ መደርደሪያ ላይ በቅርብ ያገኘውን ቴፕ አንስቶ ነው ያሳተመው። ሥራው ከባድ የሚሆነው ዋናውን ቴፕ ፍለጋ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ፣ ይሄ ኮፒ ነው ወይስ ዋናው ብሎ መጠራጠር፣ ሌላ መጋዘን መጠየቅ። አንዳንዴ ሳጥኑ ተገኝቶ ውስጡ ሌላ ዘፈን ነው።

ቴፑ ሲገኝም ነገሩ አላለቀም። ካሴት ሲታፈን በትንሽ ካቻቪቴ ሄዱ ጎን ያለችውን ብሎን ትንሽ ዞር ስናደርጋት ድምፁ ድንገት ይከፈት የለ? በትልቁ ሪልም ያው ነው። የማጫወቻው ሄድ ቴፑ በተቀዳበት ማዕዘን ልክ ካልቆመ ከላይ ያለው ድምፅ በሙሉ ይጠፋል። እኔ ስሠራ መጀመሪያ የምሰማው ጸናጽሉን ነው። ብሎኗን ቀስ አድርጌ አዞራታለሁ፣ ጸናጽሉ እንደ አሸዋ የነበረው እንደ ብርጭቆ ጥርት ሲል አቆማለሁ። ለእያንዳንዱ ዘፈን እንደገና ነው የማስተካክለው፣ ምክንያቱም ዘፈኖቹ በተለያየ ቀን በተለያየ ማሽን ተቀድተው በኋላ ተቀጣጥለው ሊሆን ይችላል። ይሄን ሳያደርግ ዝም ብሎ ቴፑን አጫውቶ የሚገለብጥ ሰው አለ። ውጤቱ ያንተ ሲዲ ነው። ከዚያ ሽሽታውን ላጥፋ ብሎ በኮምፒውተር ሲያጸዳው ደግሞ ሽሽታው ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ የዘፋኙ ትንፋሽም አብሮ ይሄዳል። ያ የወደድከው «አህህ» የሚለው ነገር መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው።

የሸክላ መርፌ መሰማቱ ግን ሁልጊዜ ወንጀል አይደለም። ቴፑ ጠፍቶ የቀረው ሸክላ ብቻ ከሆነ ጥሩ የተያዘ ሸክላ ፈልገህ ከእሱ ትገለብጣለህ፣ ሌላ መንገድ የለም። ዋናው ነገር ቡክሌቱ ላይ «ከሸክላ ነው የገለበጥነው» ብሎ በግልጽ መናገር ነው። የደበቀ ሰው ሌላም ነገር ይደብቃል።

ስትገዛ ዲስኩን ገልብጠህ ተመልከት። ፋብሪካ የታተመ ሲዲ ከሥሩ ብር ነው። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ነገር ካየህ ኮምፒውተር ላይ የተቃጠለ ዲስክ ነው። መሃል ቀዳዳው ዙሪያ ባለው ቀለበት ላይ ደግሞ ብርሃን ላይ አዘንብለህ ካየኸው በጣም ትንንሽ ፊደል አይ ኤፍ ፒ አይ የሚል ከነቁጥሩ ይኖራል። ከ1994 ወዲህ ብዙ ፋብሪካዎች ይሄን ያደርጋሉ። የቆየ ሲዲ ላይ ባይኖር አትደንግጥ፣ አዲስ ነው የተባለ ላይ ከሌለ ግን ጠይቅ። ከጀርባው ላይ ደግሞ ከማን በፈቃድ እንደታተመ የምትናገር አንዲት መስመር ፈልግ። እሷ ከሌለች ሲዲው ለማንም አልከፈለም ማለት ሊሆን ይችላል።

የገርጂ ልጅ፦

ወይ ጉድ። አሁኑኑ ሄጄ ያንን ሲዲ ገለበጥኩት። ሐምራዊ ነው። ፊደልም የለው፣ የፈቃድ መስመርም የለው። ዓመቱን ሙሉ ጆሮዬን ስጠራጠር ነበር እኮ!

ድምፅ ቤት ይመችህ። ሸክላ ሰብሳቢ እግዜር ይስጥህ፣ አስተምረኸኛል። ሞኖና ስቴሪዮ አብሮ ያለውን ለእህቴ ላኩላት። የገንዘቡን ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰልኝም።

የሬዲዮ ልጅ፦

ሰላም ሁላችሁ። የገንዘቡን እኔ ልሞክረው። ዲሲ አካባቢ ለማኅበረሰብ ሬዲዮ ሙዚቃ እመርጣለሁ፣ ይሄ ጉዳይ ሁልጊዜ ያብሰለስለኛል።

አንድ ዘፈን ላይ ሁለት መብት አለ። አንዱ የዜማውና የግጥሙ ነው፣ የደራሲው። ሌላው የቀረጻው ነው፣ ብዙ ጊዜ የኩባንያው። እንደገና የሚያሳትም ሰው ለሁለቱም መክፈል አለበት። ደራሲው ድርሻው ይደርሰዋል፣ ከበሮ የመታው ልጅ ግን ያኔ በፈረመው ውል ላይ ይወሰናል። የስልሳዎቹ ውሎች ደግሞ የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች ሳያነቡ የፈረሟቸው ናቸው። ስለዚህ መልሱ እንደ አሳታሚው ይለያያል። ጥሩ አሳታሚ ኩባንያውን ከፍሎ አይቀመጥም፣ ሰዎቹን ይፈልጋቸዋል፣ ፎቶ ይጠይቃቸዋል፣ ታሪካቸውን ይቀዳል፣ ከሽያጩ ይሰጣቸዋል።

ሰው መፈለጉ ራሱ ምን እንደሚያመጣ በሮድሪጌዝ ታሪክ ታያለህ። የዲትሮይቱ ሲክስቶ ሮድሪጌዝ በ1970 «ኮልድ ፋክት»ን አወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን ቤት ለቤት ይሰማ ነበር፣ እሱ ሳያውቅ። ሞቷል ተብሎም ይወራ ነበር። በ1996 ሁለተኛ አልበሙ እዚያ በሲዲ ሲታተም ቡክሌቱ ላይ ስለዚህ ሰው የሚያውቅ መርማሪ አለ ወይ የሚል ጥያቄ ተጻፈ። አንድ ጋዜጠኛ አነበበውና ፍለጋ ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ሮድሪጌዝ ዲትሮይት ውስጥ በሕይወት ተገኘ፣ ቤት በማፍረስና በማደስ ሥራ ይተዳደር ነበር። በማርች 1998 ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በሺዎች ፊት ተጫወተ። ስለ እሱ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ኦስካር ያገኘው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። መነሻው ግን ሲዲ ውስጥ የታጠፈች ወረቀት ናት! ላይት ኢን ዘ አቲክ የሚባለው የአሜሪካ አሳታሚ «ኮልድ ፋክት»ን በ2008 ሲያሳትመው ሰውየው ራሱ ቁጭ ብሎ አውርቷል።

ለኛ ሰው ደግሞ ይሄ ሩቅ አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ አንድ የኃይሉ መርጊያ ካሴት ገዛ። አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን የተጫወተበት የ1985 ሥራ ነው። ፈልጎ ሲያገኘው ኃይሉ እዚሁ እኛ ጋ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። ደንበኛ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በ2013 እንደገና ታተመለት፣ ከዚያ ወዲህ ዓለምን እየዞረ ይጫወታል፣ በ2018 አዲስ አልበምም አወጣ። የፍራንሲስ ፋልሴቶ የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎችም እንዲያው ናቸው። ፓሪስ ውስጥ ቡዳ ሙዚክ የሚባለው አሳታሚ ከዘጠናዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው ያወጣቸው፣ መጀመሪያ ላይ ያሉት ከአምኃ እሸቴ አምኃ ሪከርድስ የ1969 እስከ 1975 ሸክላዎች የተወሰዱ ናቸው። እኔ የሙላቱን አራተኛውን ቅጽ የገዛሁት ከአንድ ፈረንጅ ሱቅ ነው። ቡክሌቱ ላይ የማላውቃቸውን የአዲስ አበባ ተጫዋቾች ስም አንብቤ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እሱንማ ሲጫወት አይቼዋለሁ» አለችኝ። አንድ ሰዓት አወራን። ያን ቀን ያወራችኝን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

ቢክ እስክሪብቶ፦

ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልቃወም። ለምን ሲዲ? ልጁ አልበሙን ስልኩ ላይ ሰምቷል፣ ወዶታል፣ በቃ። ሲዲ ማጫወቻ ያለው ሰው ስንት ነው? አዳዲስ ላፕቶፖች እኮ ሲዲ ማስገቢያ እንኳን የላቸውም። ለዕቃ ፍቅር ከሆነ ሸክላ ይግዛ፣ ትልቅ ሽፋን አለው፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እኔ ዋናው ነገር ሙዚቃው መሰማቱ ነው ባይ ነኝ።

ሸክላ ሰብሳቢ፦

ቢክ እስክሪብቶ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ስሜ ሸክላ ሰብሳቢ ቢሆንም ለሲዲ የምከራከረው እኔ ነኝ።

ስልክ ላይ የሰማኸው የትኛው ቴፕ ነው? አይነግርህም። ማነው ያስተካከለው? አይነግርህም። ዛሬ ያለው ነገ የፈቃዱ ጊዜ ሲያልቅ ይነሳል፣ ወይም ሳታውቀው በሌላ ሪማስተር፣ ማለትም ድምፁ እንደገና በተስተካከለ ቅጂ፣ ይተካል። እኔ ላይ ደርሷል። የወደድኩትን ሚክስ አንድ ቀን ከፈትኩት፣ ሌላ ነው፣ ከበሮው ከሚገባው በላይ ጮኾ ድምፃዊውን ውጦታል።

ሸክላ ጥሩ ነው፣ ግን ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ የፖስታው ሂሳብ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ለትንሽ አሳታሚ ደግሞ ማንም የማያውቀውን ባንድ በሸክላ ማሳተም ትልቅ ዕዳ ነው። ሲዲ በጥቂት መቶ ኮፒ ማሳተም ይቻላል፣ ማሳተሚያውም ከሸክላ በብዙ ይረክሳል። ለዚህ ነው ጭራሽ የተረሱት አልበሞች በሲዲ ብቻ የተገኙት። ቢሊ ኒኮልስን ውሰድ። በ1968 ኢሚዲየት የሚባለው የለንደን ኩባንያ «ዉድ ዩ ቢሊቭ» የሚል አልበም አሠራው። ወደ 100 የሚሆን የማስተዋወቂያ ኮፒ ታትሞ ቆመ። ሱቅ በደንብ ሳይገባ ቀረ። ዋናውን ሸክላ ማግኘት ለሚሊየነር ነው። እኔ ግን በሲዲ አለኝ፣ አንድ ምሳ በማይገዛ ዋጋ። ሲዲ ባይኖር ኖሮ ይሄን ሙዚቃ ዕድሜዬን ሙሉ በስም ብቻ ነበር የማውቀው።

የገርጂ ልጅ፣ ዞምቢስን ከጨረስክ የሚቀጥለውን ልጠቁምህ። ፕሪቲ ቲንግስ የሚባለውን የእንግሊዝ ባንድ «ኤስ ኤፍ ሶሮው» ስማ። እሱም አቢ ሮድ የተቀዳ፣ ዲሴምበር 1968 የወጣ ነው። የአንድን ሰው ሕይወት ከልደት እስከ እርጅና የሚተርክ አልበም ነው። አሜሪካ የደረሰው በጣም ዘግይቶ ሌሎች ተመሳሳዩን ሠርተው ከታወቁ በኋላ ስለሆነ ኮራጅ ተባሉ። ሎቭ የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ «ፎርኤቨር ቼንጅስ» ደግሞ አትለፈው። በ1967 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 154ኛ ደረጃ ላይ ቆሞ ቀረ፣ ዛሬ ግን ሙዚቀኞች ሲያነሱት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከዚያ ሰፋ አድርገህ ማየት ከፈለግህ ራይኖ የሚባለው አሳታሚ በ1998 በ4 ሲዲ ያወጣው «ነጌትስ» የሚል ስብስብ አለ። መሠረቱ ሌኒ ኬይ በ1972 ያሰባሰበው ሸክላ ነው። አንድ ዘፈን ብቻ ሠርተው የጠፉ ባንዶች ጉባኤ ነው።

ድምፅ ቤት፦

ሸክላ ሰብሳቢ ስለ ጩኸቱ ላነሳው ልጨምር። ሪማስተር የሚለው ቃል ዋስትና አይደለም። ከዘጠናዎቹ አጋማሽ ወዲህ ብዙ ሪማስተር ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም እኩል ያስጮኸዋል። መጀመሪያ ስትሰማው ደስ ይላል፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጆሮህ ይደክማል። በሁለት ሕትመት መሃል ከተቸገርክ ድምፁን አስተካክለህ ሁለቱን በእኩል ከፍታ አነጻጽር። ዝም ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ እሱ ነው ሰውን የሚሸውደው።

ቢክ እስክሪብቶ፦

የቢሊ ኒኮልሱን አላውቅም ነበር። 100 ኮፒ? ዛሬ ማታ እሰማዋለሁ። እሺ፣ ስለ ሲዲው ትንሽ ለዘብ ብያለሁ።

የገርጂ ልጅ፦

ከገና በኋላ ልመለስ ብዬ ነበር፣ ይኸው።

እህቴ መጣች፣ ሲዲውን አመጣች። ገለበጥኩት፣ ብር ነው። ቀለበቱ ላይ ፊደሏ አለች። ጀርባው ላይ የፈቃዱ መስመር አለ። ቡክሌቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከወደድኩት ዘፈን በስተጀርባ ጠብ እንዳለ አላውቅም ነበር። «ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን»ን ሲቀዱ ብላንስቶን ደክሞት አርጀንትን ራስህ ዝፈነው እስኪለው ድረስ ተጨቃጭቀዋል። ከዚያ ዘፈነው፣ እኛ የምንሰማው እሱን ነው።

ስፒከር ስለሌለኝ የድሮ ዲስክማኔን ባትሪ ቀየርኩለት። የገና ማታ ሁሉም ሰው ሲተኛ እኔና እህቴ ሶፋው ላይ አንድ ማዳመጫ ተካፈልን፣ እሷ ግራውን፣ እኔ ቀኙን። ስቴሪዮውን አስጀመርኩ። እኔ «ከበሮውን ሰማሽው?» ስላት እሷ «የቱን ከበሮ? እኔ ጋ ድምፃቸው ነው የሚጎላው» ትለኛለች። እንዲያው ስንከራከር፣ ማዳመጫውን ስንቀያየር፣ «ዚስ ዊል ቢ አወር ዪር» ደረሰ። ጥሩምባዎቹ ሲገቡ ሁለታችንም እኩል ቀና አልን። እሷ ጋ ያለው እኔም ጋ አለ።